የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና መሸጥ ወይስ ማቆየት? የንፋስ መውጫ ልብስ ሰፊ ሒሳብ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸናና ወልዲያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ያሉ ከተሞች በረንዳ ላይ የሚያመሳስላቸው አንድ ዕቃ አለ፤ በእግር የምትረገጥ ጥቁር የልብስ ስፌት መኪና። ከባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ንፋስ መውጫም ከዚህ የተለየች አይደለችም። ሙያውን የሚጀምር ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚገዛት ያገለገለች ሲንጀር ወይም የሻንጋይ ስሪት የሆነችውን በተርፍላይ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ግን ጥያቄ ይመጣበታል። ይህችን ሸጦ በፋብሪካ የሚሠራባትን ባለ ሞተር መኪና ይግዛ? ሞተር አስገጥሞላት ይቀጥል? ወይስ እንዳለች ይተዋት?

ጥያቄው የልብስ ሰፊው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን መኪና አስመጪው፣ አሮጌውን ገዝቶ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ገዢና ሻጭ የሚያገናኘው ደላላ፣ እንዲሁም በአነስተኛ የልብስ ማምረቻ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስበው ባለሀብት ሁሉ ገቢያቸው በዚህ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በገበያ ውስጥ የሚነገረው ምክር በአብዛኛው ከሻጭ ወገን የሚመጣ በመሆኑም ሒሳቡን በገዢው ዓይን ማየት ሳያስፈልግ አይቀርም።

ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ?

የስፌት መኪና ከውጭ አገር የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ የብር ምንዛሪ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ብቻ ሳይሆን አሮጌውም ዋጋው ይለወጣል። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲወጣ አስቀድሞ መኪና የነበረው ሰው ምንም ሳይሠራ ንብረቱ ጨመረለት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም የታየው ተመሳሳይ ነው። ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በነሐሴ ወር ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም በኋላ መውጣቱን ቀጥሎ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አሮጌዋ መኪና ዋጋ ስላወጣች «አሁን ነው መሸጥ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ነገር ግን አዲሲቱ ከአሮጌዋ በበለጠ የብር መጠን ጨምራለች። አሮጌዋ በ100 ብር ስትሸጥ አዲሲቱ 400 ብር ከነበረች፣ ሁለቱም እጥፍ ሲሆኑ ልዩነቱ ከ300 ወደ 600 ይወጣል። የልብስ ሰፊው የእጅ ዋጋ በዚያው ልክ እጥፍ ካልሆነ በቀር መኪና መለወጥ ከቀድሞው የከበደ ሥራ ሆኗል ማለት ነው። የእጅ ዋጋ ደግሞ በገጠር ከተማ እንደ ምንዛሪ አይሮጥም።

ሻጮች መለወጥን ለምን እንደሚወዱት ለማወቅ ወደ ንግዱ አመጣጥ መመለስ ይጠቅማል። በ1851 እ.ኤ.አ. በይስሐቅ ሲንገር ስም የተጀመረው የአሜሪካው ኩባንያ መኪናውን ለተራ ቤተሰብ ሊሸጥ የቻለው ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ በ1850ዎቹ ባመጣቸው ሁለት ዘዴዎች ነው። አንደኛው በየወሩ እየከፈሉ መግዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው አሮጌ መኪና ይዞ ለመጣ ሰው ዋጋ ቀንሶ አዲስ መስጠት ነው። ኩባንያው የተረከባቸውን አሮጌዎች ግን መልሶ አልሸጣቸውም፤ ገበያ እንዳያበላሹበት አጠፋቸው። ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት የነበረ ሰው አሮጌ መኪና የአዲስ መኪና ጠላት መሆኑን ተረድቶ ነበር። በእኛ አገር አሮጌውን የሚያጠፋ የለም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ እስከ አርብ ገበያና ወገዳ ይዘዋወራል። አሮጌ መኪና ዋጋዋን እንደያዘች የምትቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍጥነት ምን ያህል ያተርፋል?

የፋብሪካ መኪና ሻጭ በመጀመሪያ የሚያነሳው ፍጥነትን ነው። እውነትም ልዩነቱ ትልቅ ነው። በእግር የምትረገጠው መኪና የተሠራችው በደቂቃ እስከ 1,000 ስፌት ለሚደርስ ፍጥነት ሲሆን በእግር ሲረገጥ ከዚያ በታች ነው የሚገኘው። በስፋት የሚታወቀው የጃፓኑ ጁኪ ዲዲኤል 5550 ግን እስከ 5,500 ይደርሳል። በወረቀት ላይ ሲታይ አምስት እጥፍ ሥራ የሚሠራ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ልብስ የሚሰፋው በመርፌ ብቻ አይደለም። ልኬት መውሰድ፣ መቁረጥ፣ ጨርቁን ማጣጠፍና መያዝ፣ መተኮስ፣ ቁልፍ መትከል፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር አለ። መርፌው የሚንቀሳቀሰው ከሥራው ሰዓት በጥቂቱ ብቻ ነው፤ በተደራጁ ፋብሪካዎች እንኳ ከሩብ ብዙም የማይዘል ሆኖ ይገኛል። ፈጣን መኪና የሚያሳጥረው ይህንኑ ሩብ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሸሚዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 120 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ መርፌው የሚሠራበት 30 ደቂቃ ነው። ፈጣኗ መኪና ይህንን ወደ 8 ደቂቃ ብታወርደው ሸሚዙ በ98 ደቂቃ ያልቃል። በ8 ሰዓት የሥራ ቀን በቀድሞዋ 4 ሸሚዝ ይሰፋ የነበረው በአዲሲቱ 5 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ይሆናል። ትርፉ በቀን አንድ ሸሚዝ እንኳ አልሞላም። አምስት እጥፍ የተባለው ፍጥነት ልብስ ሰፊው ኪስ ሲደርስ ሃያ ሁለት ከመቶ ተኩል አካባቢ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህም የሚሆነው የሚሰፋ ሥራ ካለ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የልብስ ሥራ የወቅት ሥራ ነው። ከነሐሴ እስከ መስከረም የተማሪዎች ደንብ ልብስ፣ ከመኸር በኋላ ደግሞ የገናና የጥምቀት ልብስ፣ የጥር ሠርግ፣ ከዚያ ፋሲካ። በሌላው ጊዜ ከፍ ያለ ሥራ የለም፤ ያለው ጥገና፣ ማሳጠርና ማጥበብ ነው፤ የሰልባጅ ኮት ለባለቤቱ ልክ ማድረግም ከዚሁ ይቆጠራል። በዓመት ውስጥ ወረፋ የሚያስይዝ ሥራ ያለበት 90 ቀን ነው ቢባል አዲሲቱ መኪና በዓመት የምትጨምረው 81 ሸሚዝ ነው። አሮጌዋ ተሸጣ በላዩ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ የ160 ሸሚዝ የእጅ ዋጋ ያህል ከሆነ ልዩነቱ የሚመለሰው በሁለት ዓመት ነው። እያንዳንዱ ልብስ ሰፊ የራሱን ቁጥሮች አስገብቶ ይህንኑ ማስላት ይችላል፤ የሚያስፈልገው ወረቀትና እውነተኛ የሥራ ማስታወሻ ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ

እስካሁን ያለው ሒሳብ መብራት ሁልጊዜ አለ ብሎ የተነሳ ነው። መብራት በማይኖርበት ሰዓት ግን የፋብሪካ መኪና ቀስ ብላ አትሠራም፤ ጨርሶ ትቆማለች። ብዙ ገዢዎች ይህንን ነጥብ ያውቁታል፤ በቁጥር ግን አያስገቡትም።

ከላይ በተሰጠው ምሳሌ ከ90ው ቀን አንድ ሦስተኛው ሰዓት መብራት የለም እንበል። አዲሲቱ መኪና የምትጨምረው በ60 ቀን 54 ሸሚዝ ይሆናል። በተቀረው 30 ቀን ግን አሮጌዋ ብትኖር ይሰፋ የነበረው 120 ሸሚዝ ይቀራል። አሮጌዋን ሸጦ አዲሲቱን የገዛው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ገንዘብ አውጥቶ 66 ሸሚዝ ከስሯል። ሁለቱንም የያዘው ግን 54 አትርፏል።

በዚሁ ምሳሌ ትርፍና ኪሣራ የሚተካከሉት መብራት ከስምንት ሰዓት ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲጠፋ ነው። ከዚያ በላይ በሚጠፋበት ሰፈር አሮጌዋን መሸጥ የሚያዋጣ አይደለም። እርግጥ ጎበዝ ሠራተኛ መብራት በሌለበት ሰዓት ጨርቅ ይቆርጣል፣ በከሰል ካውያ ይተኩሳል፣ ቁልፍ ይተክላል፤ ስለዚህ ኪሣራው እዚህ እንደተቀመጠው የከፋ ላይሆን ይችላል። የሂሳቡን አቅጣጫ ግን አይለውጠውም።

የአሮጌዋን መኪና እውነተኛ ዋጋ የሚወስነውም ይኸው ነው። ደላላው «ይህን ያህል ታወጣለች» የሚለው የገበያ ዋጋዋን ነው። ለባለቤቷ ያላት ዋጋ ደግሞ መብራት በጠፋበት ቀን የምታስገባው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በልጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሞተር ማስገጠም

በመካከለኛነት የሚቀርበው ሐሳብ በአሮጌዋ ላይ አነስተኛ ሞተር መትከል ነው። ይህ ሞተር 100 ዋት ወይም ከዚያ ጥቂት የበለጠ ኃይል ያለው ሲሆን ከመዘውሩ አጠገብ ተተክሎ በላስቲክ ቺንጋ ያዞረዋል። ከአዲስ መኪና ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ላስቲኩን አውልቆ የቆዳውን ቺንጋ መልሶ በእግር መቀጠል ይቻላል። በዚህ ምክንያት እግሯንና ፔዳሏን ለብረት ዋጋ የሚሸጥ ሰው ሞተር ማስገጠሙን ትርጉም ያሳጣዋል።

ገደቡንም ማወቅ ያስፈልጋል። እነዚህ መኪናዎች ውስጥ ማመላለሻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ የሚሠራ ሲሆን በፋብሪካ መኪና ውስጥ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራል። የሚመላለስ ነገር ከልክ በላይ ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል፤ ይበላል። ዘይቱንም ባለቤቱ በጠብታ ነው የሚሰጣት፤ እንደ ፋብሪካዋ በራሷ አትስብም። ትልቅ ሞተር ገጥሞ እንደ ጁኪ ለማስሮጥ መሞከር መኪናዋን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከጥቅም ውጪ ያደርጋታል።

የፋብሪካ መኪና የሚገዛም ስለ ሞተሩ ይጠይቅ። የድሮው ዓይነት ሞተር መርፌው ቆሞም ሲዞር ይውላል፤ ባይሰፋም ቆጣሪ ይቆጥራል። ሰርቮ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ግን ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ድምፁም ያነሰ ነው። ከላይ እንደታየው መርፌው ከቀኑ ሩቡን ብቻ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ልዩነቱ በመብራት ሒሳብ ላይ በግልጽ ይታያል።

አርጅታለች ወይስ ቆሽሻለች?

«መኪናዬ አርጅታለች» ከሚለው ሰው ውስጥ ብዙው መኪናው የቆሸሸችበት ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት። የመኪና ሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት የተደረገላት የስፌት መኪና በብርዱ ማለዳ ትከብዳለች፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛታል። በነጭ ጋዝ ታጥባ፣ ደርቃ፣ ቀጭኑ የስፌት መኪና ዘይት ሲደረግላት ብዙ ጊዜ ወደ ድሮዋ ትመለሳለች። ስፌት የምትዘልና ክር የምትበጥስ መኪናም አስቀድሞ መርፌዋ ይታይ፤ የጎበጠ ወይም ለጨርቁ ያልሆነ ቁጥር ያለው መርፌ ስንት መኪና አስሽጧል!

በትክክል ያረጀችውን ለመለየት መርፌውን የሚይዘውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎን መነቅነቅ ነው። በግልጽ የሚላወስ ከሆነ ማረፊያው ተበልቷል። የማመላለሻው ሹል ጫፍ የደነዘዘ ወይም የተሸረፈ እንደሆነ፣ ጨርቅ የሚስቡት ጥርሶች ለስልሰው እንደሆነ ይታያል። ጥርሱና ማመላለሻው በርካሽ የሚለወጡ ናቸው። የዘንጉ ማረፊያ ግን ጥሩ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ወጪው ከመኪናዋ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ መተው ይሻላል። አካሏ ብረት ስለሆነ ካልተሰበረ በቀር የሰው ዕድሜ ታገለግላለች።

በመለዋወጫ በኩል አሮጌዋ ትልቅ ብልጫ አላት። በተርፍላይና መሰሎቿ የተሠሩት በሲንጀር 15 ንድፍ በመሆኑ የአንዷ ዕቃ ለሌላዋ ይሆናል። የፋብሪካ መኪና መርፌ ግን እግሩ ክብ ስለሆነ ለቤቷ መኪና አይገባም፤ የቤቷም ለዚያኛዋ አይሆንም። ይህ ለነጋዴ የሚጠቁመው ነገር አለ። ከምንዛሪው ለውጥ ወዲህ ሰው መኪና ከመለወጥ ይልቅ ወደ ማስጠገን ማዘንበሉ አይቀርምና በአነስተኛ ከተማ ሁለት ሦስት መኪና ገዝቶ ከማስቀመጥ መርፌ፣ ቦቢን፣ ማመላለሻ፣ ቺንጋና ትክክለኛውን ዘይት መያዝ ገንዘብን ቶሎ ያዞራል።

መለወጥ የሚገባው መቼ ነው?

ማቆየት ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሁለት ሦስት ሰው ቀጥሮ አንዱ ሲቆርጥ፣ አንዱ ሲሰፋ፣ አንዱ ሲተኩስ የሥራው መልክ ይለወጣል። ሰፊው መቁረጥና መተኮስ ስለማይኖርበት መርፌው የሚንቀሳቀስበት ድርሻ ይጨምራል፤ ፈጣን መኪናም ያኔ ዋጋዋን ታወጣለች። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ በመቶዎች ቆጥሮ በጽሑፍ ውል የተረከበ ሰው በእግር መኪና ተማምኖ ቀን ሊጠብቅ አይችልም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ያለው አደጋ በጊዜው ሁኔታ የሚመዘን ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ሱቆች ተዘርፈዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተከሰተው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ማስተማር ያቆሙበት ሁኔታ ታይቷል። ትምህርት ቤት ካልተከፈተ ደንብ ልብስ የሚያዝ የለም። በደንብ ልብስ ተስፋ መኪና የሚገዛ ሰው ገቢው በሌላ ሰው ውሳኔ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ሊዘነጋው አይገባም። የእግር መኪና ራሷ ተፈትታ አንድ ሰው ይሸከማታል፤ የፋብሪካዋ ራስ ብቻዋን 30 ኪሎ ገደማ ናት፤ ጠረጴዛና ሞተሩ ከዚህ በላይ ነው። ሰላም ባለበት ጊዜ ይህ ከቁም ነገር አይገባም፤ በሌለበት ጊዜ ግን ንብረትን ከማዳንና ከማጣት የሚለይ ሊሆን ይችላል።

ገንዘብ ያለው ሰው ሁለተኛ መኪና ይግዛ ከተባለ ደግሞ ሌላ ቀጥ ያለ ስፌት የምትሰፋ ፈጣን መኪና ከመግዛቱ በፊት ኦቨርሎክ ሊያስብ ይገባል። ዳሩ ያልተዘጋ ልብስ ከተዘጋጀው የውጭ ልብስ አጠገብ ሲሰቀል ወዲያውኑ ይለያል። ዳር መዝጊያ ያላት ቤት የራሷን ሥራ ከማሳመሯም በላይ ለጎረቤት ልብስ ሰፊዎች ዳር እየዘጋች ትከፈላለች። ከፍጥነት ይልቅ አዲስ ዓይነት ሥራ የሚያመጣ መኪና ነው በትንሽ ከተማ ቶሎ የሚመለስ።

ደላሎች የሚያነሱት ሌላም ነገር አለ፤ «የድሮ ሲንጀር ውስጧ ውድ ነገር አለ» የሚለው ወሬ። በ2001 ዓ.ም. በሳዑዲ ዓረቢያ በአሮጌ ሲንጀር ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» ይገኛል ተብሎ ተወርቶ እስከ 200,000 ሪያል የተጠየቀባቸው መኪናዎች እንደነበሩ በጊዜው ተዘግቧል። በኋላ ፖሊስ ሲመረምረው ማጭበርበር ሆኖ ተገኘ። በስፌት መኪና ውስጥ ብረትና ዘይት እንጂ ሌላ ነገር የለም።

በብድር ወይስ በኪራይ?

ለመለወጥ የወሰነ ሰው ገንዘቡን ከሁለት በኩል ሊያገኝ ይችላል። አንዱ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 መሠረት የተጀመረው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ነው፤ በአማራ ክልል ይህንን የሚሠራው ዋልያ ካፒታል ጉድስ ፋይናንስ ነው። በተለመደው አሠራር ተከራዩ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህሉን በቅድሚያ ያስገባል፤ ቀሪውን ኩባንያው ከፍሎ መኪናዋን ያስረክበዋል። ዋስትናዋ ራሷ መኪናዋ ስለሆነች ቤት የሌለው ጀማሪም ሊጠቀምበት ይችላል።

ሁለተኛው ብድር ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ እንደ ስፌት መኪና ያለ ንብረት ተመዝግቦ ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክ መለወጡ ይታወቃል፤ በየወረዳው ያለው ቅርንጫፍ ለጠያቂው ቅርብ ነው።

በኪራይ የሚወስድ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ክፍያው በየወሩ እኩል መሆኑን ይይ። ገቢው በነሐሴና በጥር የሚመጣ ልብስ ሰፊ በሰኔና በሐምሌ እንደሌላው ወር ክፈል ቢባል ይቸገራል፤ ክፍያው ወቅቱን ተከትሎ እንዲደረግለት መጠየቁ ነውር የለውም። መኪናዋም የመጨረሻው ክፍያ እስኪያልቅ ድረስ የአከራዩ ንብረት በመሆኗ ልትሸጥ ወይም ለሌላ ብድር ልትያዝ አትችልም። የሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሸጦ መውጣት የሚቻለው አሮጌዋን ብቻ ነው፤ እሷም ያኔ በእጅ ካለች።